ሁለት ሳጥን ሥጋ ወደ ሁሩሙ

ሮብሳን ማርሹን ቀይሮ ዳገቱን ሲያያዘው፣ ሸጋው በሚኒባሱ የኋለኛ ወንበር ላይ ሁለቱን የሥጋ ሳጥኖች ግራና ቀኝ አቅፎ ተቀምጧል። መኪናው ኮረኮንቹ ላይ በነጠረ ቁጥር ሳጥኖቹ ይነጥራሉ፤ ሳጥኖቹ በነጠሩ ቁጥር የሸጋው ሆድ አብሮ ይነጥራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት አይስ ቦክስ ናቸው፤ ሰውነታቸው ሰማያዊ፣ ክዳናቸው ነጭ። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው፤ በአንደኛው እጀታ ላይ ጥቁር የማተብ ክር ታስሯል፣ በሌላኛው ላይ የለም። ማተብ ያለው የክርስቲያን ሥጋ ነው። ማተብ የሌለው የእስላም ሥጋ ነው።

ቀኑ ኅዳር ዘጠኝ፣ ዘመኑ 1999 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ የሁሩሙ ገበያ ቀን ነበር። ሁሩሙ ላይ የከፈተችውን አዲስ የበርገር ቤት ለማስመረቅ ይህን ቀን የቆረጠችው የሸጋው አሠሪ እትዬ ኑኃሚን ናት። ከዚያ ሌላ ቀን አልነበራትም ቢባል ይሻላል። ረመዳን ከተፈታ አራት ሳምንት አልሞላውም፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ደግሞ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ክርስቲያኑም እስላሙም ሥጋ ሲበላ የሚገናኝባት ያቺ ጠባብ ቀዳዳ ካለፈች፣ የሁሩሙው ቤት እስከ ገና ቁልፉ ተንጠልጥሎ ሊከርም ነው።

ዛሬ «ሁለት በር» ሲባል ከመቱ እስከ በደሌ የማያውቀው የለም። ልጆች ልደታቸውን የሚያከብሩበት፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ቤት ነው። ያን ጊዜ ግን ሁለት በር ማለት መቱ መናኸሪያ አጠገብ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ነበረች። እትዬ ኑኃሚን በመንገድ ሥራ ካምፕ ለፈረንጅ መሐንዲሶች ስታበስል ቆይታ፣ ካምፑ ሲፈርስ የተማረችውን ይዛ መጣችና በርገር መሸጥ ጀመረች። የመቱ ሰው መጀመሪያ የተጠፈጠፈውን ሥጋ ሲያይ «ኩበት በዳቦ» ብሎ ሳቀባት። እሷ ሳቁን ቻለችው። ያልቻለችው ሌላ ነገር ነው። ጥብስ የሚበላ ሰው ሥጋው የመጣበትን ሥጋ ቤት ያውቃል፤ በሩ ላይ መስቀል አለ ወይም ጨረቃ አለ። የተፈጨ ሥጋ ግን ዘር ማንዘሩ አይታወቅም። ማን አረደው? በስመ አብ ተብሎበታል ወይስ ቢስሚላህ? ዳቦውን ገልጠው ያዩና መልሰው ያስቀምጡት ነበር።

ያንን ቋጠሮ የፈታው ሸጋው ነው። ሸጋው በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ካገሩ ይዞት የመጣው ንብረት የለም፣ አንድ ትዝታ ብቻ ነው። በእነሱ ቀዬ ሠርግ ሲሆን ደጋሹ ሁለት ሠንጋ ይጥላል፤ አንዱን ክርስቲያን ያርደዋል፣ ሌላውን እስላም ያርደዋል። ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው። ዳሱ ግን አንድ ነው። «እትዬ፣ ለምን እንደሱ አናደርግም?» አላት አንድ ቀን። እሷም ሁለት መፍጫ፣ ሁለት ጣውላ፣ ሁለት ምድጃ ገዛች፤ ለቤቱም ሁለት መስኮት አወጣችለት፤ ሰውም መስኮቶቹን በር ብሎ ቤቷን «ሁለት በር» አላት። የሚያርዱት ሌሎች ናቸው፣ የሚፈጨውና የሚጠፈጥፈው ሸጋው ነው። የመቱ ሰው ቀስ በቀስ አመነው። «የሸጋው እጅ አይሳሳትም» ይባል ጀመር። ሰው ስለ እጁ እንዲህ ሲባልለት ደስ ይለዋል፤ ሸጋውም ደስ ይለው ነበር።

ያቺ እጅ ዛሬ ጠዋት አንዲት ነገር አቋርጣለች። በመቱ ሥርዓት አስሩ አስሩ ጥፍጥፍ በላስቲክ ይጠቀለልና የክርስቲያኑ በቀይ ክር፣ የእስላሙ በአረንጓዴ ክር ይታሰራል። ጠዋት ቀዩ ክር አለቀ። ሱቅ አልተከፈተም፣ ሮብሳን ጥሩምባ ይነፋል። ሸጋው «ሳጥኑ ላይ ምልክት አለ አይደል» አለና ሁሉንም በነጭ ቃጫ አሰረው። የክርስቲያኑ ሠላሳ ጥቅል፣ የእስላሙ ሃያ ጥቅል፣ ሁሉም በነጭ ቃጫ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው።

«ሸጌ፣ ምነው ዝም አልክ?» አለ ሮብሳን በመስታወቱ እያየው። «ዛሬ የምንሄደው ለምረቃ ነው፣ ፊትህ ግን የልቅሶ ነው።»

«መንገዱን እይ አንተ።»

«መንገዱንማ አየዋለሁ፣ መንገዱ ነው እኔን የማያየኝ» አለና ሮብሳን ጉድጓድ ውስጥ ዘው አለ።

ሸጋው የሚፈራው መንገዱን አይደለም። ከመስከረም ወዲህ ከወዲያ ማዶ ካሉ ወረዳዎች ክፉ ወሬ ይመጣል። ቤት ተቃጠለ ይባላል፤ ሰው በሃይማኖቱ ተለይቶ ተመታ ይባላል። በእነሱ አካባቢ አንድ ጣት አልተነሳም፤ ሰው ግን ሰላምታ ሲለዋወጥ ዓይን ለዓይን አይተያይም። ሁሩሙ ላይም ወጣቱ በቡድን በቡድን መቆም ጀምሯል። ስለዚህ ነው እትዬ ኑኃሚን ሐጂ አባ ቢያንና ቄስ ወልደ ማርያምን ደጅ ጠንታ ያስማማችው። ሁለቱም የአገር ሽማግሌ፣ ሁለቱም የተከበሩ ናቸው። ገበያው እያየ፣ እያንዳንዳቸው በየመስኮታቸው የመጀመሪያዋን በርገር ሊበሉ ነው። «ሰው ትልቁ ሲበላ ካየ ይረጋጋል» ብለዋት ነበር ቄሱ። ሐጂም «ኢንሻአላህ፣ ለአገሩም ጥሩ ነው» ብለዋል።

ሁሩሙ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ኬላው ጋ ገመዱ ተወጥሮ ጠበቃቸው።

ወሩ የቡና ወር ነው። ያለ ፈቃድ አንድ ጣሳ ቡና ማለፍ አይችልም፤ ሕዝቡም ያለ ፈቃድ የማሳለፊያው ብልሃት አያልቅበትም። ባለፈው ሳምንት በሬሳ ሣጥን ውስጥ ቡና ተይዟል ይባል ነበር። የኬላው ሳጅን ለአገሩ አዲስ ነው፤ ፊቱ ሲታይ ሬሳንም ቢሆን መታወቂያ የሚጠይቅ ይመስላል።

«ያ ምንድን ነው?» አለ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ።

«ሥጋ ነው ጌታዬ።»

«ሁለት ሳጥን ሙሉ ሥጋ? አውርድ።»

ሸጋው አወረደ። አንድ ሽማግሌ ሚሊሻ ጠብመንጃውን ግንድ ላይ አስደግፎ መጣና በባዶ ማዳበሪያ ላይ ጥቅሎቹን መዘርገፍ ጀመረ፤ መጀመሪያ ከአንዱ ሳጥን፣ ቀጥሎ ከሌላው። ሸጋው «አባቴ፣ እባክዎ ለየብቻ ያድርጉልኝ፣ አይቀላቀል» አለ። ሚሊሻው ራሱን ነቀነቀ። ሸጋው በግራ ያለውን ክምር በግራ ዓይኑ፣ በቀኝ ያለውን በቀኝ ዓይኑ የያዘ ይመስል ድርቅ ብሎ ቆመ።

«አንተ፣ ና ወዲህ!» አለ ሳጅኑ። «መታወቂያ። የንግድ ፈቃዱስ?»

ወረቀቱ ጋቢና ውስጥ ነበር። ሸጋው ሮጦ ሄዶ፣ ሮጦ አምጥቶ፣ ሳጅኑ እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ እስኪያነብ ቆሞ ጠበቀ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሲመለስ ማዳበሪያው ባዶ ነው። ሳጥኖቹ ተከድነዋል፤ ሚሊሻው እጁን በሣር እየጠረገ በፈገግታ ይጠብቀዋል።

«አስተካክዬ ከትቼልሃለሁ ልጄ» አለው። «አንዱ ሳጥን በዝቶበት ሊፈነዳ ነበር፣ ሌላው ግማሹ ባዶ ነው። ሁለቱንም እኩል አደረግኳቸው። እንግዲህ በደንብ ይዘጋልሃል።»

ሸጋው ጎንበስ ብሎ ክዳኖቹን ከፈተ። ሃያ አምስት እዚህ፣ ሃያ አምስት እዚያ፤ ሁሉም በነጭ ቃጫ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ላስቲክ። ከሽማግሌው ደግነት የተነሳ የትኛው ከየት እንደመጣ ፈጣሪና ሽማግሌው ብቻ ናቸው የሚያውቁት፤ ሽማግሌው ደግሞ አላስተዋለም።

«የትኛውን ከየትኛው ነው የከተቱት አባቴ?»

«ሁሉም ሥጋ አይደል እንዴ?» አለ ሚሊሻው ግራ ገብቶት።

ሳጅኑ ገመዱን አወረደ። ሮብሳን ሞተሩን አስነሳ። ሸጋው ከሁለቱ ሳጥኖች መሃል ተቀምጦ፣ አሁን አቅፎ አልያዛቸውም፤ እንዳይነኩት እጁን ጉልበቱ መሃል ከተተ።

«ሰውየው እኮ እንደ ሚስቴ አስተካክሎ ከተተልህ» አለ ሮብሳን እየሳቀ። ሮብሳን ጴንጤ ነው፤ ከየትኛውም መስኮት ገዝቶ የሚበላ፣ ከደንበኞቹ ሁሉ ነገር የማያበዛ እሱ ነበር። «ማል ታቴ? ምን ሆንክ ሸጌ? ሳጅኑ አስደነገጠህ?»

«ምንም አልሆንኩ።»

አንድ ጥቅል አውጥቶ አየ፣ አሸተተ፣ ለብርሃን ዘረጋው። ሁለቱንም ሥጋ የፈጨው እሱ ነው፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬውን በአንድ ልክ የለካው እሱ ነው። በሁለቱ መሃል ልዩነት እንዳይኖር አምስት ዓመት የደከመው እሱ ራሱ ነው። መመለስ አይቻልም፤ መቱ ደርሶ ሌላ ሥጋ አዘጋጅቶ ለመምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስልክ ቢባል የእትዬ ኑኃሚን ኖኪያ እንኳን ሁሩሙ ላይ ኔትወርክ አያገኝም።

የሁሩሙ ገበያ ሞልቶ ነበር። አዲሱ ቤት ከገበያው ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት መስኮት፣ ከላዩ አዲስ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ፣ በረንዳው ላይ በወንበር የተቀመጡ እንግዶች። ከግራው መስኮት ፊት ቄስ ወልደ ማርያም መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከቀኙ መስኮት ፊት ሐጂ አባ ቢያ ከዘራቸውን ተደግፈዋል። መሃል ላይ የወረዳው ተወካይ ሰዓቱን ያያል። ከቄሱ ኋላ አንድ ጎራ ወጣት ቆሟል፣ ከሐጂ ኋላ ሌላ ጎራ ወጣት ቆሟል፤ በመሃላቸው ለአንድ አህያ ማለፊያ የሚሆን ቦታ ብቻ አለ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሸጋው ያንን ክፍተት አይቶ በፊት ለፊት አልገባም።

ሳጥኖቹን በጓሮ በር አስገባ። እትዬ ኑኃሚን አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ በላዩ ሽርጥ አስራ፣ ሁለቱን የላምባ ምድጃዎች አቀጣጥላ ትጠብቀዋለች።

«የት ቆየህ? ሰው ጠበቀ እኮ። አምጣው ቶሎ።»

«እትዬ፣ ኬላው ላይ ሥጋውን አራገፉት» አለ። «ተቀላቅሏል።»

«ምን ማለት ነው ተቀላቅሏል? ክሩን አይተህ ለየው።»

«ክሩ አንድ ነው። ቀዩ አልቆብኝ ሁሉንም በቃጫ አሰርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እጇ ሽርጡ ላይ ቆመ። ከዚያ በመስኮቱ ስንጥቅ ወደ ውጭ አየች፤ ሸጋውም በትከሻዋ በኩል አየ። ተወካዩ ንግግር ጀምሯል፤ ሮብሳን ከሐጂ ወንበር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያወራቸዋል፤ ሮብሳን ይስቃል፣ ሐጂ አይስቁም።

«ማን ያውቃል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው።»

«እትዬ…»

«ስማኝ ሸጋው። አሁን ወጥቼ ተቀላቅሏል ብል፣ ያ ሁሉ ወጣት ምን ይላል? ሆን ብለው ነው ይላል። እነዚያ ናቸው ይላል ይሄኛው፤ እነዚህ ናቸው ይላል ያኛው። በዚህ ሰሞን ስንት ቤት በስንት ቃል ነው የተቃጠለው? የለም ዛሬ አንበላም ብዬ ብዘጋስ? ለምን ዘጋች ይባላል፤ ወሬው እስከ ማታ ዳሪሙ ይደርሳል።» ወደ ሳጥኖቹ ጠቆመች። «ሥጋ አይናገርም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ክፈተው።»

ሸጋው የተናገረችው ሁሉ እውነት መሆኑን ያውቃል። ቢናገር ደም ሊፈስ ይችላል። ዝም ቢል ደግሞ እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች በእሱ እጅ ተማምነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልነኩትን ይበላሉ። የእናቱ አባት እስላም ነበሩ። በዚያ በልጅነቱ ሠርግ ላይ አንድ ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ቢገባ አያቱ ምን ይሆኑ እንደነበር ያውቃል። አይጮሁም፤ ያለቅሳሉ። ከጩኸቱ ይልቅ ያንን ፈራ።

ከውጭ ተወካዩ ንግግሩን መጨረሱ በጭብጨባው ታወቀ። እትዬ ኑኃሚን ሁለቱን መስኮቶች ወለል አድርጋ ከፈተቻቸው። ብርሃኑና የሕዝቡ ዓይን አንድ ላይ ገባ። ሸጋው ሁለቱን ሳጥኖች በየምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ክዳናቸውን አነሳ። ላስቲኩን በቢላ ቀደደ። እጁ ከጥቅል ወደ ጥቅል ሄዶ አሥር ጥፍጥፍ ደረደረ፣ ሃያ ደረደረ፤ ሁሉም ያማሩ፣ ሁሉም ክብ። ሐጂ እጃቸውን ታጥበው እንደጨረሱ በመስኮቱ አየ። ቄሱ ሊባርኩ ተነሱ።

ያን ጊዜ ዓይኑ በግድግዳው ሥር ባለው ጄሪካን ላይ አረፈ። አሥር ሊትር ላምባ፣ ክዳኑ የላላ፣ ጠዋት ምድጃዎቹ የተሞሉበት።

ቆይቶ ሰዎች ሲጠይቁት እንዴት እንዳደረገው አያስታውስም ነበር። አንስቶታል። «ምድጃው ሊጠፋ ነው» የሚል ነገር ተናግሯል፣ ጮክ ብሎ፣ ሕዝቡ እንዲሰማው። ከዚያ እግሩን ራሱ ጠልፎ ወደቀ። ጄሪካኑ ማተብ ባለው ሳጥን ላይ ተገለበጠ፤ ሲነሳ ሊያድነው የሚታገል መስሎ ማተብ በሌለው ላይ ደገመው። ከእሳቱ ሁለት ክንድ አይርቅም ነበር፤ ትንሽ ቢረጭ እሱም ቤቱም አይተርፉም። ላምባው በተደረደረውም በሳጥኑም ሥጋ ላይ ጓ ጓ እያለ ፈሰሰ፣ ሽታው በሁለቱም መስኮት ወጣ።

ሸጋው በላምባ የራሰ ሸሚዙን ይዞ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ወደ እትዬ ኑኃሚን ቀና አለ። ያቺ ሴት ዓይኑን አየች፣ ሳጥኖቹን አየች፣ ገባት። ምድጃዎቹን ዘግታ አጠፋች፤ ከዚያ በሕይወቱ ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ ጮኸችበት።

«ሰካራም! ጠዋት ጠጥተህ ነው የመጣኸው! አዋረድከኝ! ሰው ፊት አዋረድከኝ!» ኮሌታውን ጨምድዳ እየጎተተች በፊት ለፊት በር፣ ሁሉም እንዲያይ፣ ወደ በረንዳው አወጣችው። ደረጃው ላይ ስትገፈትረው አፏ ጆሮው ጋ ደርሶ ነበር። «ሰኞ ጠዋት መቱ ና» አለችው በትንፋሽ። «ውጣልኝ! ዳግም ዓይንህን እንዳላይ!» አለችው ጮክ ብላ።

መጀመሪያ የሳቀው ከሐጂ ኋላ ካሉት አንዱ ነው። ቀጥሎ ከቄሱ ኋላ ሌላ ሳቀ። «በላምባ የተቀቀለ ሥጋ!» አለ አንዱ። «ሰውየው ራሱ ጠርሙስ ነው እኮ» አለ ሌላው። ሳቁ ከአንዱ ጎራ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ ያ የአህያ ማለፊያ የምታህል ቦታ በሚገፋፋ ሰው ተሞላች። ሁለቱም ወገን አንድ ሞኝ አግኝቷል። ሸጋው አንገቱን ደፍቶ በመሃላቸው አለፈ። በጭቃ መቱት፣ የቅጽል ስም አወጡለት። ሸሚዙ ላይ የተወረወረችው ቲማቲም ከየትኛው ወገን እንደመጣች አላወቀም፤ ደስም አለው፣ እንባም መጣበት።

ከኋላው እትዬ ኑኃሚን ሠራተኛዋን ገለኔን ወደ ገበያው ስትልክ ሰማ። «እንቁላል! ከሴቶቹ ያለውን እንቁላል ሁሉ ሰብስቢ! ዳቦው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ። ዛሬ እንቁላል ነው የምናበላው፤ እንቁላል ማንም አያርደውም!» ተወካዩ ሳቀ። ጓሮ ያለው ምድጃ ተለኮሰ። የሁሩሙ ሰው የመጀመሪያ በርገሩን የበላው እንዲህ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ መጥበሻ።

ሸጋው ከሚኒባስ ማቆሚያው ማዶ ባለች ዋርካ ሥር ተቀመጠ። የሚያልፍ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። አምስት ዓመት የገነባው ስም በአንድ ጄሪካን ሄደ፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ መቱ ይገባል። ሚስቱ ትሰማለች። ልጁ ትምህርት ቤት «የሰካራሙ ልጅ» ትባላለች። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ለምን ሁለቱንም ሳጥን ብሎ ቢጠይቅስ?

ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር የከዘራ ድምፅ ሰማ። ሐጂ አባ ቢያ ብቻቸውን መጡ። ሸጋው ሊነሳ ሲል በእጃቸው ከለከሉትና አጠገቡ ሥሩ ላይ በቀስታ ተቀመጡ። ላምባው እንዳይነካቸው ትንሽ ሸሸ አለላቸው፤ እሳቸው አልሸሹም።

«ትጠጣለህ?» አሉት።

«አዎ ሐጂ።»

«ምን?»

ሸጋው የራሰ ሸሚዙን አየ።

«እኔ አረቄ ጠጥቼ ባላውቅም ሽታውን አውቃለሁ» አሉ። «በረንዳው ላይ በአጠገቤ ስታልፍ የሸተተኝ ላምባ ብቻ ነው።» በአገጫቸው ወደ ሚኒባሱ ጠቆሙ። «ሮብሳን ጥሩ ልጅ ነው። ኬላው ላይ የሆነውን ሁሉ እየሳቀ አጫወተኝ። ሚሊሻው እንዴት አድርጎ እኩል እንዳካፈለላችሁ።»

ሸጋው የሚገባበት ጠፋው። «መቼ ነው የነገረዎት?»

«ሥጋው ሳይወጣ። ተወካዩ ሲናገር።»

«ታዲያ… ታዲያ ለምን ዝም አሉ ሐጂ?»

«ምን ብዬ ልናገር ልጄ? ይህን አልበላም ብዬ ከወንበሬ ብነሳ፣ የምነሳው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ኋላዬ የቆሙትን አይተሃቸዋል። የቄሱም ኋላ እንደዚያው ነው።» ሐጂ ከዘራቸውን ከጉልበታቸው ወደ መሬት አወረዱ። «ልበላው ነበር። እጄን ታጥቤ ተቀምጬ አላህን ምን እንደምለው ሳዘጋጅ ነበር። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። የጌታዬን ፊት በዚህ ነገር ማየት ፈራሁ፤ የሰው ቤት ሲቃጠል ማየት ደግሞ የባሰ ፈራሁ። መስኮቱ ተከፈተ። ከዚያ አንተ ወደቅክ።»

ሸጋው አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ሽማግሌው አላባበሉትም፣ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከአዲሱ ቤት ሁለት መስኮቶች ፊት ሰዉ እንቁላሉን እየተሻማ ይበላ ነበር፤ የሚናደድ ድምፅ አልነበረም።

«ለማንም አትንገር» አሉ ሐጂ በመጨረሻ። «እኔም አልናገርም። ስምህን ግን እንደዚህ ትቼው አልሄድም።» እጃቸውን ዘረጉለት። «እስቲ አንሳኝ።»

ሸጋው እጁን በሱሪው ጠረገና አነሳቸው። ሲቆሙ ሊለቃቸው ሞከረ፤ ሐጂ ግን አለቀቁትም። ከዘራቸውን በግራ፣ የሰካራሙን እጅ በቀኝ ይዘው፣ በሳቀው ወጣት ሁሉ መሃል፣ በገበያው እምብርት ቀስ እያሉ ወደ ሚኒባሱ ይዘውት ሄዱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።